ጎጆው ይፍረስ ላሉት፦ ስለ ላስታና መቄት የድሮ ማረፊያዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከሥሩ "አንተ እዚያ ሠርተህ የለ? ምን ትላለህ?" ብሎ ጨምሮበታል። መጀመሪያ ዝም ልል አስቤ ነበር። ጽሑፉ ግን በደንብ ተጽፏል፤ ብዙ ሰውም አምኖታል። የሚያወራው ስላደግኩበት ተራራ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጉዳዩ በወሎ ደጋ፣ በተለይ በላሊበላ ዙሪያና በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ያሉት የድሮ ማረፊያዎች ናቸው። ሣር ክዳን ጎጆዎች፣ የድንጋይ ክፍሎች፣ በፋኖስ ራት የሚበላባቸው ቤቶች። ጸሐፊው የእነዚህ ጊዜ አልፏል ይላሉ። ምክንያታቸው አምስት ነው። ጎጆ የድህነት ምልክት ስለሆነ ለእንግዳ ማሳየቱ ክብራችንን ይነካል። መሥራቾቹ ወፈፌዎች ነበሩ፤ የሠሩት ለራሳቸው ደስታ ነው፤ እነሱ ሲሄዱም ነገሩ አብሮ ያልቃል። የዛሬ እንግዳ ሙቅ ውሃ፣ ዋይፋይና አሳንሰር ይፈልጋል። ሣር ክዳን ያፈሳል፣ ይቃጠላል፣ ቁንጫ ያራባል፣ በየጊዜው ወጪ ያስወጣል። በመጨረሻም ኮሮናና ጦርነቱ የእነዚህን ቤቶች አቅም ማነስ አጋልጠዋል። ስለዚህ ይፍረሱና ባለ ፎቅ ሆቴል ይሠራባቸው ነው የሚሉት።

ጸሐፊው ክፉ አስበው ጻፉ አልልም። ወሎ ሥራ ትፈልጋለች። ወጣቱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ይህን ሲጽፉ ልባቸው እንደተነካ ያስታውቃል። የማልስማማው ከመድኃኒቱ ጋር ነው።

ከሣር ክዳኑ ልጀምር። ጸሐፊው ለእውነት በጣም የቀረቡት እዚህ ላይ ነው።

ያፈሳል? አዎ፣ ያፈሳል። ክረምት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ ሲልብኝ ያነጋሁበት ሌሊት አለ። ቁንጫውንም በደንብ አውቀዋለሁ። የእሳቱ አደጋም ቀላል አይደለም። ግን ለምን እንዲህ ይሆናል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጎጆ ከመጀመሪያው የተሠራው እሳት እንዲነድበት ነው። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ውስጥ ያልፋል። ሣሩን ያደርቀዋል፤ ተባዩን ያባርረዋል። ወራጁና ማገሩ ጥላሸት ለብሶ ዕድሜው ይረዝማል። ቤቱ ማረፊያ ሲሆን ግን እንግዳው ጭስ አይወድም። ምድጃው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሣሩ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል፤ ተባይም ይገባበታል። እናቶቻችን ቤት በወይራ የሚያጥኑት ለሽታው ብቻ አይደለም። እኔ የሠራሁበት ማረፊያ እንግዳ በሌለበት ሳምንት በየጎጆው ወይራ ይጨስ ነበር። ያ ሳምንት ሲዘለል ወዲያው ይታወቃል። እንግዳው ሲያክ ያድራል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሣሩ ዓይነት ነው። የገብስና የስንዴ ገለባ ቶሎ ያልቃል። ጓሳ ግን በሙያተኛ እጅ ከተከደነ ብዙ ዓመት ይቆያል። ችግሩ ጓሳ እንደ ድሮው አይገኝም። እርሻና ግጦሽ ወደ ደጋው አናት እየወጣ ቦታውን በልቶታል። የዛሬ ክዳን ውድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ወጪው ብዙ ነው።

ወጪው ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጻፉም። ሣሩን የሚያጭደው የደጋ ገበሬ ነው። የሚያጓጉዘው የጎረቤት አህያ ነው። ጠፍሩን የሚገምደው፣ ማገሩን የሚያስረው፣ ጉልላቱን የሚተክለው የሰፈር ሰው ነው። ለባለ ፎቁ ሲሚንቶውም ብረቱም መስታወቱም ከሩቅ በከባድ መኪና ይመጣል። ገንዘቡም በዚያው መኪና ይመለሳል። ለጸሐፊው ወጪ ሆኖ የታያቸው ለከዳኙ የዓመት ቀለብ ነው። ጓሳው እንዳይጠፋ የሚያደርገው ደግሞ ገዢ መኖሩ ነው። ጎረቤታችን መንዝን ይመልከቱ። እዚያ ጓሳውን በአካባቢው ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ለትውልዶች አቆይተውታል። ሣሩ ይጠቅማል፣ ስለዚህ ይጠበቃል። ጎጆ የሚያስከድን ሰው ከሌለ ያንን ዳገት ከማረሻ ማን ያድነዋል?

ስለ ቆርቆሮም አንድ ነገር ልበል፤ ባለ ፎቁ እስኪሠራ ድረስ ብዙዎች የሚያደርጉት ሣሩን አንስተው ቆርቆሮ መምታት ነውና። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። በረዶ ሲጥልማ ሰው አይደማመጥም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ሣር ክዳን ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሰጣል። በአንድ ባና ተጠቅልሎ ማደር ይቻላል። አያቶቻችን ይህን ያወቁት ማሞቂያ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ይሆናል። እውቀት መሆኑ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ ክብር ጥያቄ ልምጣ። ጎጆ ድህነት ነው የሚለው አባባል ላስታ ላይ አይሠራም። ክብ፣ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት የላስታ የራሷ ነው። ከታች ከብቱ፣ ከላይ ሰው። ደረጃው ከውጭ። ድንጋዩ ቀይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ የተፈለፈሉበት ያው የተራራው ድንጋይ። እንዲህ ያለ ቤት ለማቆም ጥሩ ግንበኛ ያስፈልጋል። ግንበኛውን ለማምጣት ደግሞ ጎተራው የሞላ ሰው መሆን ያስፈልጋል። የድሃ ቤት አልነበረም። በቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ የነበረው ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሲነሳ ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ ሳይፈርሱ የቀሩት ቅርስ መሆናቸው ስለታወቀ ነው። ዛሬ ድሃው የሚኖረው በቆርቆሮ ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ባለ ኮከብ ሆቴሎች ግቢያቸው ውስጥ ጎጆ ሠርተው ቡና ያፈሉበታል። እዚያ ጌጥ የሆነው ነገር ላስታ ሲደርስ እንዴት ውርደት ይሆናል?

ጸሐፊው አንድ እውነት ነክተዋል። ሰው ቤት ሳያስፈቅድ ገብቶ፣ የታመመ ሕፃን ፎቶ አንስቶ የሚሄድ እንግዳ አለ። እኔም አይቻለሁ፤ ደሜ ፈልቷል። ይህ ግን ከክዳኑ ጋር አይገናኝም። ከአምስተኛ ፎቅ ወርዶም ያንኑ ያደርጋል። መቄት ላይ መንገድ መሪው አስቀድሞ ይናገራል። ሳይፈቀድ ፎቶ የለም። ብር ለልጅ በእጅ አይሰጥም። ደንቡን ያወጡት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቤቱ የእነሱ ነውና።

ስለ መሥራቾቹ የተጻፈው ከሁሉ በላይ አሳዝኖኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጸሐፊው ሦስት ሰዎችን ጠቅሰው ሦስቱንም ወፈፌ ብለዋል። አንደኛዋ የላሊበላውን ሰባት ወይራ ሆቴል ያሠሩት ልዕልት ሂሩት ደስታ ናቸው። ብዙ ሰው ልዕልት ሩት ይላቸዋል። የራስ ደስታ ዳምጠውና የልዕልት ተናኘወርቅ ልጅ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ። ጸሐፊው ሆቴሉን የቤተ መንግሥት ሰው መጫወቻ ይሉታል። እስቲ ዘመኑን እናስብ። ላስታ በበቅሎ የሚደረስበት አገር ነበር። አይሮፕላን ያርፍ የነበረው በሣር ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሆቴል መሥራት ትርፍ ለሚያሰላ ሰው በእርግጥ እብደት ነው። ልዕልቲቱ አዲስ አበባ ላይ ሊሠሩ ይችሉ ነበር። ላስታ ላይ ሠሩ። ስሙንም ከዛፍ አወጡለት። ወይራ በእኛ አገር የወተት ዕቃ የሚታጠንበት፣ ጥርስ የሚፋቅበት፣ ሞፈር የሚጠረብበት እንጨት ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ልዕልቲቱ ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው ጋር 14 ዓመት ያህል ታሰሩ። አባታቸውን ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ረሽኖባቸዋል። እንዲህ ያለ ሕይወት ያለፉ ሰው ያቆሙትን ቤት መጫወቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ግቢው ዛሬም በዛፍና በወፍ የታወቀ ነው።

ሆቴሉ የተሠራበት ዘመን ሌላም ትምህርት አለው። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያኖቹን ለማደስ ተብሎ ድንጋዩ ላይ ሬንጅ ፈስሶበት፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ያኔ ዘመናዊ ጥገና ማለት ያ ነበር። ሬንጁ እርጥበቱን ውስጥ ይዞ ድንጋዩን ይበላው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ለእድሳት ሲመጣ ትልቁ ሥራው ያንን ሬንጅና ቀለም መፋቅ ሆነ። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዷ ናት። አዲስ ነገር ሁሉ ይሻላል ብሎ አሮጌ ድንጋይ ላይ ማፍሰስ ምን እንደሚያመጣ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛዋ ቤን አበባን ከኢትዮጵያዊ ሸሪካቸው ጋር የከፈቱት የስኮትላንድ መምህርት ናቸው። ቤን አበባ ምግብ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ። "ቤን" በእነሱ አገር ተራራ ማለት ነው። አበባው የእኛ ነው። ቅርጹ ለየት ያለ ነው፤ ክብ ክብ መድረኮቹ ከኮረብታው ጫፍ ወደ ገደሉ ብቅ ብለው ይታያሉ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ጣዕም አይስማማም። ድንጋይና ሣር ይሻለኝ ነበር። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። ግን ጡረታ የወጣች መምህርት በሰው አገር ኮረብታ ላይ ምድጃ ተክላ፣ ከአገሬው ወጣት ጋር ተሻርካ ስትሠራ ባዕድ ብሎ መዝጋት የወሎ ጠባይ አይደለም። ወሎ እንግዳውን "ከወዴት ነህ?" ብሎ ከመጠየቁ በፊት ውሃ ያቀርባል።

ሦስተኛውን ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። እኔም አልጽፍም። እኛ አያ ነበር የምንላቸው። ጸሐፊው ባለሀብቱን ያባረሩ እልኸኛ ሽማግሌ ብለው ያለፏቸው እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ በ16 ዓመቴ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ የገባሁት እሳቸው ዘንድ ነው። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ሁለት ወቅት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ስለ እሳቸው የምናገረው ያየሁትን ነው።

አያ አምስት ጎጆ ነበራቸው። ቁጥር አልነበራቸውም። ሦስቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባሉ ነበር። በረካ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው ናት። ሁለቱን በሴት ልጆቻቸው ስም ጠርተዋቸዋል። የክፍል ቁልፍ የለም፤ መወርወሪያ ብቻ። እንግዳ ሲመጣ ዋጋ አይናገሩም። ቡናው ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ነው ይላሉ። "በረካ ሳይጠጣ የሄደ መንገድ ላይ ይርበዋል" ነበር ቃላቸው። ፈረንጆቹ ግራ ይገባቸዋል። አስጎብኚው ላብ ያጠምቀዋል።

ራት ላይ ለብቻ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ጎብኚዎች ለብቻችን እንብላ ብለው ተቆጡ። አያ ለብቻው አቀረቡላቸው፤ ከዚያ ራሳቸው አጠገባቸው ተቀምጠው መጉረስ ጀመሩ። ብቻውን የሚበላ ሰው በሳቸው ቤት የለም። ሲነጋ ባልና ሚስቱ ከሁሉ ቀድመው መሶቡ ዘንድ ተገኙ። አያ በየቀኑ ጠዋት በቆርቆሮ ጣሳ የዘነበውን ዝናብ ለክተው በደብተር ይጽፉ ነበር፤ ከጎኑ የእንግዶቹን ስም። ማን ስንት ዝናብ ባለበት ቀን እንደመጣ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ይታወሰኛል። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚመጡ ሙስሊም ሾፌሮች ለብቻው ድስትና ቢላ ነበራቸው። ማንም አይነካውም። ዶሮ የሚያርድ ሙስሊም ጎረቤት ይጠሩ ነበር። ለውዱእ የሚሆን ማንቆርቆሪያ ሁልጊዜ ሞልቶ በር ላይ ይቀመጣል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለብ ብሎ። ይህን ያስተማራቸው የሆቴል ትምህርት ቤት የለም። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ሁዳዴን አንድ ቀን ሳይገድፉ የሚጾሙ። ጸሐፊው ወፈፌነት ያሉት ነገር ለእኔ ወሎነት ነው።

ባለሀብቱን ያባረሩትም እውነት ነው፤ እዚያው ነበርኩ። ሰውየው ወረቀት ዘርግቶ አራት ፎቅ አሳያቸው። አያ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "ከላይኛው ፎቅ ሆኖ እንግዳው ጎረቤቴን ምን ብሎ ሰላም ይለዋል?" አሉት። ሰውየው መልስ አልነበረውም። ቡና ግን ጠጥቶ ነው የሄደው፤ እስከ በረካ።

የአያን ድክመት መደበቅ አልፈልግም። ደሞዝ በጊዜ አይከፍሉም ነበር። ለሁለት ወር የሠራሁበትን የተቀበልኩት በፋሲካ ነው። በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር አልነበራቸውም። ሲያርፉ ልጆቻቸው በድርሻው ተጣሉ። በዚያ መሀል ሁለቱ ጎጆዎች ወደቁ። ጸሐፊው ባለቤቱ ሲሄድ ነገሩ አብሮ ያልቃል ሲሉ በዚህ በኩል ትክክል ናቸው። ሰው ላይ ብቻ የቆመ ቤት ከሰውየው ጋር ይወድቃል።

ለዚህ መልሱ ግን እዚያው ተራራ ላይ አለ። ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ መቄትን ያገኛሉ። እዚያ መቋት ማርያምና ዋጀላ በሚባሉ ቦታዎች፣ ኋላም በሌሎች፣ ገበሬዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በማኅበር ጎጆ ማረፊያ ጀመሩ። ሃሳቡ ቀላል ነው። በየቦታው ጥቂት ጎጆ ብቻ ይሠራል። እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይሸከማል። ምግቡ የቤት ምግብ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎ፣ ጠላ። መጸዳጃው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ጭላዳዎቹ ከታች ሣር ሲግጡ ይታያሉ። ባለቤቱ አንድ ሰው አይደለም። አንዱ ቢሞት ወይም ቢሰደድ ማኅበሩ አለ። ጸሐፊው መቄትን በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰው አልፈዋል። በዝርዝር ቢያዩት ኖሮ የራሳቸውን ሁለተኛ ነጥብ እንደሚያነሱት አምናለሁ። የውርስ ችግር የሚፈታው በውርስ ሕግና በማኅበር ነው፤ ጎጆ በማፍረስ አይፈታም።

ሙቅ ውሃን በተመለከተ ክርክር የለኝም። ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል። ስልሳና ሰባ ዓመት የሞላው እንግዳ ነው ወደ ላስታ የሚመጣው፤ ቀኑን ሙሉ ዋሻ ለዋሻ ሲወጣ ሲወርድ ውሎ ብርድ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ አይባልም። ንጹሕ መጸዳጃም እንደዚያው። ግን ሙቅ ውሃ ፎቅ አይጠይቅም። የፀሐይ ማሞቂያ ከጎጆው ጀርባ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ላስታ ውስጥ ከጥቅምት እስከ የካቲት የማይጠፋው ነገር ፀሐይ ነው። ዋይፋዩም ቢሆን በሣር ክዳን ውስጥ ያልፋል።

በተቃራኒው ፎቅ ምን እንደሚጠይቅ ባለፈው ዓመት አይቻለሁ። ከወሎ ከተሞች በአንዷ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አዲስ ሆቴል አራተኛ ፎቅ ላይ አደርኩ። መብራት ሄደ። አሳንሰሩ ቆመ። ፓምፑም ቆመ፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ውሃ አይወጣም ተባለ። አንዲት ልጅ ባልዲ ተሸክማ አራት ፎቅ ወጣች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ "ይቅርታ ጋሼ" አለችኝ። እኔ ነኝ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ። ጎጆ ውስጥም ባልዲ ይመጣል። ግን ከአሥር ሜትር ርቀት፣ በደልዳላ መሬት ነው። ህንጻ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር በመብራት ላይ ይንጠለጠላል። የእኛ መብራት ደግሞ ምን እንደሚመስል ጸሐፊውም ያውቃሉ።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ያመጣኛል። ኮሮና በ2012 ዓ.ም. መጣ፤ እንግዳ ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከተማዋ ለረጅም ወራት ያለ መብራት ኖረች። ጸሐፊው ጎጆዎቹ ያኔ ተዘጉ ይላሉ። ተዘግተዋል። ባለ ፎቆቹም ተዘግተዋል። እንግዳ ከሌለ ማንም ሆቴል አይሠራም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው። ባለ ፎቁ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ወለዱ በጦርነት ጊዜም ይቆጥራል። የመቄት ገበሬ ግን እንግዳ ሲጠፋ ወደ ማረሻው ተመለሰ። ከመጀመሪያውም እንግዳው ተጨማሪ ገቢ ነበር፤ ዋናው ገብሱ ነው። ተጎድቷል፣ በጣም ተጎድቷል። ሆኖም ጎጆውን የሚወስድበት ባንክ የለም። አሁንም ሰላሙ እንደሚፈለገው አልሆነም። እንግዳው ነገ በብዛት ይመጣል ብሎ ዛሬ በብድር አራት ፎቅ ማቆም ለአገሬው ወጣት ሥራ ወይስ ዕዳ ነው የሚያመጣለት? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ፎቅ የትም አይሠራ አላልኩም። ወልድያ ላይ ይሠራ፤ ደሴ ላይ ይሠራ። መናኸሪያ አጠገብ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድበት ቦታ ያስፈልጋል። እኔም አድርበታለሁ። የምከራከረው ስለ ገደሉ አፋፍ ነው፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ ነው።

ጸሐፊው ወጣቱ ከጎጆ ምን ይማራል ብለውም ጠይቀዋል። ለእሱ ያለኝ መልስ አንድ ወሬ ነው። የአያ የልጅ ልጅ በመስከረም ደውላልኝ ነበር። ወንድማማቾቹ ታርቀዋል። የቀሩትን ሦስት ጎጆዎች ልትከፍት ነው፤ ከዳኝ ፈልግልኝ አለችኝ። እኔ አሁን ደሴ ነው የምኖረው፤ ቢሆንም ሰው አፈላልጌ ከመቄት አንድ ሽማግሌ ከዳኝ አገኘሁላት። ብቻዬን ጣሪያ ላይ መውጣት አልችልም፣ ጉልበቴ ደክሟል፣ ልጆች ስጡኝ አላት። ሁለት ሥራ የፈቱ የሰፈር ልጆች ሰጠችው። ሳምንት ሳይሞላ አንደኛው ጠፍር ማጥበቅ ለምዷል፤ ሌላኛው ሣር ሲደረድር ሽማግሌው ዝም ብሎ ያየዋል አለችኝ፤ አያርመውም። ባለፈው እሑድ እንደገና ደወልኩላት። የበረካ ማገሯ በሙሉ ተለውጧል። ሣሩ እስከ ወገቧ ደርሷል። የወይራው እንጨት ለማጠኛ ተቆርጦ ተዘጋጅቷል። ጉልላቱ ብቻ ነው የቀረው።